የጀሪካኑ የራስ ቁር

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ አንድ የአሻንጉሊት ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ የራስ ቁር አየሁ። የፊልም ተዋጊዎች የሚያጠልቁት ዓይነት፣ ፊት ሙሉ የሚሸፍን። አውርጄ አሸተትኩት። ባለሱቋ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ። ፀሐይ የመታው አዲስ ፕላስቲክ ሽታ የልጅነት ቤታችንን አስታወሰኝ። ይኸውልህ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝም በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። መልሼ ሰቅዬው ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነበር የምለው፣ እንዲህ ያለውን በእጁ ይሠራ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ከነበረው ቪዲዮ ቤት ፊልም አይቶ ሲመጣ ያየውን ዕቃ ሁሉ አስመስሎ ይሠራዋል፤ ሰይፉን ከባሕር ዛፍ፣ መንኮራኩሩን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ የራስ ቁሩን ደግሞ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን። በጋለ ቢላዋ ሲቆርጠው ቤታችን ያንን ሽታ ይሸት ነበር። መጀመሪያ ግን በካርቶን ይሞክረዋል። ሙከራውንም ሆነ ዋናውን አይጥልም፤ አልጋው ሥር ባለው ሳጥን ይሰበስበዋል። እኔ ሴት ልጅ ስለነበርኩ ቪዲዮ ቤት አልሄድም፤ ፊልሙን የማየው በሱ እጅ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ያስቀምጠኝና ቁሩን አጥልቆ፣ "ይኼ ክፉው ነው፣ እንዳትወጂው" ይለኛል። እኔ ደግሞ የምወደው ክፉውን ነበር፤ ድምፁ ያምራላ።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ያንን ዓይኑ የተቦረቦረ ቢጫ ፊት ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። "እግዜር ያልፈጠረውን ፊት ቤቴ አታስገባ" ይሉታል። ጋሼ ይስቃል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል ተኛ፣ ጠበል ተጠመቀ፤ አልለቀው አለ። ሲቃዥ ከፊልሞቹ ሰዎች ጋር ያወራ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ በሽታው ከዚያ ፊት ነው ብለው ቆረጡ። አንድ ጠዋት ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ወንድምሽ እንዲድን ትፈልጊያለሽ? ያን ጣዖት የት ነው የሚያስቀምጠው?" አሉኝ። በጣቴ ሳጥኑን አሳየኋቸው። ምን ላድርግ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንዲድን እፈልግ ነበር። ጓሮ አውጥተው ያለውን ሁሉ አቃጠሉት። ቢጫው ፊት ቀልጦ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁ። የቁሩን አንድ የካርቶን ሙከራ ብቻ፣ ሳያዩኝ አንሥቼ አጥፌ ቀሚሴ ሥር ሸሸግኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ነቃና፣ "ቁሩን አምጪልኝ" አለኝ።

"ስትነሣ" አልኩት።

በአራተኛው ቀን ሞተ።

በእኛ አገር ለቅሶ ሲወጣ የሟቹ ዕቃም አብሮ ይወጣል። የአራሹ ጠብመንጃው፣ የካህኑ ጥምጣሙ። ሰውየው ማን እንደነበረ በዕቃው ይታያል፤ ዘመዱም ያንን ይዞ በለቀስተኛው መሀል እየዞረ ያለቅሳል። ሰው ተሰብስቦ ሳለ አባቴ ወደ ቤት ገቡ። ተከትያቸው ብገባ ባዶው ሳጥን ፊት ተንበርክከው ውስጡን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

"አንድም አልቀረም?" አሉኝ። "እስኪ ፈልጊልኝ፣ የኔ ልጅ። ከእጁ ሥራ አንድም አልቀረም?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላዬ ያልለየሁት ካርቶን በመቀነቴ ሥር ሆዴን ይወጋኝ ነበር።

"እርስዎ ሁሉንም አቃጥለውታል" አልኳቸው።

የትምህርት ቤት ሹራቡን ይዘው ወጡ፤ እሱም ከማንም ልጅ ሹራብ አይለይም። ከፍ አድርገው ይዘውት እየዞሩ፣ "ልጄ እጀ ብልህ ነበረ፤ የማሳያችሁ ግን የለኝም" ሲሉ ሰማሁ። ለቀስተኛው አነባ። ያኔ ካርቶኑን አውጥቼ ብሰጣቸው ምን ነበረበት? ሦስት እርምጃ ነበር የሚለየን። ግን ተናድጄባቸዋለሁ፤ ይቃጠሉ ብያለሁ። እሳቸው ያቃጠሉት ልጃቸው እንዲድን ብለው እንደሆነ፣ እኔም ሳጥኑን ያሳየሁት ለዚያው እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ኖርን። እግራቸውን አጥባቸዋለሁ፣ ራታቸውን አቀርብላቸዋለሁ፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ሳህኑን አንሥቼ እወጣለሁ። የጋሼን ስም አንሥተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

አምና አረፉ። ካርቶኑ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አሁን ለማን ላውጣው?