ሁለት ሸክላና አንድ ግለ ሂስ

ዛሬ ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ የሰሜን ለንደን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወሬው ዘፋኝ በነበረችው ጓደኛዬ ላይ ከደረሰ ሁሉም አድናቂዋ ነበሩ። አንዱ «የመጀመሪያውን ሸክላዋን የገዛሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሌላው «እኛ ባናበረታታት የት ትደርስ ነበር?» ይላል። እኔ ጥግ ይዤ ለስላሳዬን እጠጣለሁ። የት እንዳደረስናት በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጥናት ክበባችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ለማክበር ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ እኔና እሷ፣ ሁለት ስደተኛ ሴቶች፣ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። አስመራ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች፣ በትዳር አዲስ አበባ የገባች ሴት ናት። ባሏን አንድ ቀን ከቤቱ መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እሷ በሱዳን በኩል ስትወጣ የአምስት ዓመት ልጇን አማቷ ዘንድ ትታ ነው የወጣችው። ለንደን ስትደርስ ከለበሰችው ልብስ ሌላ የነበራት ንብረት በቃሏ የያዘቻቸው ካንትሪ የሚባሉት የአሜሪካ ገጠር ዘፈኖች ብቻ ነበሩ። እናቷ አስመራ ለነበሩት አሜሪካኖች ልብስ ታጥብና ትተኩስ ነበርና፣ ከአሜሪካኖቹ ራዲዮ የወጣውን ዘፈን ሁሉ ልጅቷ ከካውያው ሥር ተቀምጣ ለቅማዋለች።

እውነቱን ልናገርና እኔ ዘፈኑን እንቀው ነበር። ባል በጭነት መኪና ይሄዳል፣ ሚስት መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ውሻው ይሞታል። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እስከ ሁለተኛ ዓመት የዘለቅሁ ሰው ነኝ፤ ለሰው ውሻ የማለቅስበት ጊዜ አልነበረኝም። ጊዜዬን የሰጠሁት ለዓለም ጭቁኖች ነበር፣ ያውም የሆቴል አልጋ አንጥፌ በተረፈኝ ሰዓት።

ሆሎዌይ መንገድ ላይ የነበሩት የአየርላንዶች መጠጥ ቤቶች ግን ለዚህ ዘፈን ነፍሳቸው ትወጣ ነበር። እሷ ከነዚያ በአንደኛው ብርጭቆ ታጥብ ነበር። አንድ ቅዳሜ የባንዱ ዘፋኝ ታማ ስትቀር፣ ሽርጧን ሳትፈታ መድረክ ወጥታ ሦስት ዘፈን ዘፈነች። እዚያ የነበረ አንድ አየርላንዳዊ፣ ቀን ቀን ቤት እየሠራ በትርፍ ጊዜው ሸክላ የሚያሳትም ሰው፣ በሳምንቱ ፈልጎ አገኛት። ስቱዲዮው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጦታል። ባርኔጣ አስደፋትና ፎቶ አነሳት። ፎቶውን ባየሁ ጊዜ አልጋዬ ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁባት።

የመጀመሪያውን ነጠላ ዜማ ግጥም የጻፈችው ራሷ ናት። ባሏ ጫማውን በር ላይ ትቶ ስለሄደ ሴት ነው። ሴቲቱ ጫማውን በየቀኑ ትወለውለዋለች። አየርላንዶቹ አንዲት የተከዳች ሚስት ናት ብለው አለቀሱላት። የእሷን ባል ግን ሲወስዱት ጫማውን እንኳ እስኪያደርግ አልጠበቁትም ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን፣ ነገሩን አላገናኘሁትም። እንዲህ ያለ ደንቆሮ ጭንቅላት ተሸክሜ ነበር ሕዝብ ላነቃ የምዞረው።

ሁለተኛው የጭፈራ ዘፈን ነው። ፌርማታ ላይ በቆመች ሴት ፊት ወደ ዊልስደን ሽው ብሎ ስለሚያልፍ የአውቶቡስ ነጂ ይናገራል። ይህኛው ከሆሎዌይ እስከ ዊልስደን ባሉ መጠጥ ቤቶች የሙዚቃ ማሽን ውስጥ ሁሉ ገባ። የአየርላንዶቹ ጋዜጣ በየሳምንቱ ከሚያወጣው የተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝር ላይ ስሟ ከላይ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። ጋዜጣውን ይዛ ስትገባ እኔ የፖለቲካ ኢኮኖሚ እያነበብኩ ነበርና ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

«ሦስተኛ ሸክላ ልቀዳ ነው» አለችኝ። «የአንድ ዓመት ኮንትራት ሳይን አደረግሁ። በየሳምንቱ ደመወዝ አለው። አሁን ልጄን ለማምጣት አፕላይ አደርጋለሁ።»

ልጇ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሴትየዋ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያቺን ልጅ ነበር፤ ባርኔጣውንም የደፋችው ለዚያው ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉድ ልምጣ። የጥናት ክበባችን ዘጠኝ ሰው ነበረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበራችን ከካውንስል፣ ከሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ባገኘው ፍላት ውስጥ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ጽሑፍ እናነባለን፣ ቀጥሎ ሂስና ግለ ሂስ ይሆናል። ይህ ማለት አንዱ ጓድ ይቆማል፣ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይዘረዝራል፣ የቀረነው ደግሞ የረሳውን እናስታውሰዋለን። ከአገራችን ስንወጣ ሻንጣ እንኳ ያልያዝን ሰዎች ይህን ግን ጠንቅቀን ይዘነው መጣን። አንዱ ጓድ ውድ ካፖርት ገዝቶ ቆሟል። ሌላዋ በቴሌቪዥን የንግሥቲቱን ሰልፍ ከልቧ አይታ ቆማለች። አሳዳጃችን አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ግን እዚህ እርስ በርስ ስንመረመር ሥራውን አቀለልንለት።

እነዚሁ ዘጠኝ ሰዎች የስደተኞች ማኅበርም ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ማኅበሩ ክብ ማህተም አለው። ጣቢያው አጠገብ ጫማ የሚጠግንና ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ነው የሠራልን፤ መሐሉ ላይ ችቦ አለበት። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ማንም ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ ወደ እኛ ይመጣል፣ እኛም ሐምራዊ ቀለም ነክረን እንመታለታለን። ነገሩን ምን ያህል ቁም ነገር እንዳደረግነው ታዩ ዘንድ፣ ሊቀመንበሩ ማህተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር የሚያኖረው።

እሷም ለልጇ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀችን። አጀንዳ ተያዘላት፦ «በኢምፔሪያሊዝም የባህል ወረራ ተሰልፋ የካውቦይ ዘፈን ስለምታሰራጭ ግለሰብ።» ጉዳዩን እንዲያጣሩ ሦስት ወንዶች ተመደቡ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ መጠጥ ቤቱ ሄደው አጣሩ፤ ሦስተኛው ላይ አንደኛው ሲያጣራ አምሽቶ በሰው ተደግፎ ነው የወጣው። ከሦስቱ አንዱ የነበረው ሊቀመንበራችን ሪፖርቱን ሲያቀርብ የአውቶቡሱን ዘፈን ከነዜማው በቃሉ ወጣው። ሻይ ሊቀዳ ኩሽና በገባ ጊዜም እያንጎራጎረው ሰማሁት። በቃለ ጉባኤው ግን አላሰፈርኩም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ግለ ሂስ ታደርጋለች፣ ኮንትራቱን በጽሑፍ ትለቃለች፣ ከዚያ ደብዳቤው ይሰጣታል። ሐሳቡን «እደግፋለሁ» ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ መደብ ትግል አንድ ገጽ ተናገርኩ። ነገሩ ግን ምቀኝነት ነበር። እኔ የሰው አንሶላ ስቀይር እሷ በጋዜጣ ላይ ስሟ መውጣቱ አንገበገበኝ። ይህን ለማለት ሽበት እስኪወርሰኝ ድረስ ጠበቅሁ።

ማታ እራት ስንሠራ ሽንኩርቱን እየከተፈች ጠየቀችኝ። «ደብዳቤው ግን ግድ ነው እንዴ?»

«ያለ ማህተም ማን ያምንሻል?» አልኳት።

ይህን ያልኩት ከክፋት አልነበረም፤ አምኜበት ነው። እኛ ያደግንበት አገር ማህተም ያለበት ወረቀት ያኖራል፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይገድላል። ሬሳ እንኳ ያለ ማህተም አይሰጥም ነበር። እንግሊዝም እንዲያ ይመስለኝ ነበር፤ ሁላችንም ይመስለን ነበር። ከጣቢያው ጫማ ሰፊ ያሠራነውን ጎማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተነስቶ የሚቀበለው ይመስለን ነበር። እሷም አመነችኝ፣ የተማርኩ ነኛ።

ግለ ሂሱን ቁጭ ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እሑድ ዕለት ቆማ አነበበችው። «ንዑስ ከበርቴያዊ ዝና ፍለጋ» የሚለው ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘና ሊቀመንበሩ አረማት፤ ደገመችው። ሲያልቅ አጨበጨብን። ከዚያ አንዱ ጓድ «ዜማው ከአእምሮዋ መውጣቱን በምን እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከምር ሩብ ሰዓት አወያየን። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ያላትም የለም።

ለአየርላንዳዊው የመልቀቂያውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። በማግሥቱ እኛ ቤት ድረስ መጣ፤ ጫማው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነበር። ደመወዙ አንሶሽ ከሆነ እጨምራለሁ አላት። እኔ ቀድሜያት «ፖለቲካ ነው» አልኩት። የሚስቅብን መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይን ዓይኔን አየና «ፖለቲካ በእኛም ቤት ነበረ» ብሎ ደረጃውን ወረደ። በሩን የዘጋሁት ያሸነፍኩ መስሎኝ ነው።

ደብዳቤው ተመታልን። ሆሎዌይ የነበረች አንዲት ወጣት ጠበቃ ዘንድ አብረን ሄድን፤ እኔ ላስተረጉም ነው። ጠበቃዋ ደብዳቤውን ገለበጠችው፣ ችቦውን አየችው፣ ምንድነው ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። በትሕትና ወደ ጎን አደረገችው፤ ቀጥላ የቡና ኩባያዋን አኖረችበት።

«ይህ አያስፈልገንም» አለች። «ያላት የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜያዊ ነው። በዚህ ፈቃድ ልጅ የምታመጣው ልታኖራትና ልታበላት እንደምትችል ካሳየች ነው። ባለፈው የነገረችኝ የአንድ ዓመት ኮንትራት በጣም ጥሩ ነው፤ እሱን አምጡልኝ።»

እኔ አላስተረጎምኩም። እሷ ደግሞ በእንግሊዝኛ ዘፍና እንጀራ የበላች ሴት ናት፤ ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ኮንትራቱን እንደለቀቀች በራሷ አፍ ነገረቻት። ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ለምን? ማነው እንዲህ ያለ ምክር የሰጠሽ?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሁን ስሜን ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትጠራውም ፈለግሁ።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ።»

በማግሥቱ ሳልነግራት፣ ኮንትራቱን እንዲመልስላት ልለምነው አየርላንዳዊው ዘንድ ሄድኩ። ለሌላ ዘፋኝ ቦታውን ሰጥቶ ነበር፤ እሷም ቡናማ ጸጉር ያላት ከአገሩ የመጣች ልጅ ናት፣ ባርኔጣውን ደፍታ ስትቀዳ በስቱዲዮው መስታወት አየኋት። ክበባችን ደግሞ ሦስት ወር ሳይቆይ አብዮቱ ምን ዓይነት ነው በሚል ለሁለት ተሰነጠቀ። አራቱ አምስቱን ከዳተኛ አሉ፣ አምስቱ አራቱን። ማህተሙን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ ይካሰሱበታል። የእሷን ነገር ያነሳ ግን ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው አልነበረም።

እሷ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች። ለጠበቃዋ የደመወዝ ወረቀት በወረቀት ላይ ስትከምር ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀባት። አንድም ቀን ስትዘፍን አልሰማሁም፤ ዕቃ ስታጥብ እንኳ። የሄድኩ እንደሆነ ይቀልላት ይሆናል ብዬ ክፍሉን ልለቅ ሳስብ፣ ኪራዩን ለብቻዋ እንደማትችለው አስታወስኩና ቀረሁ። ደግነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

የልጅቷ መግቢያ ፈቃድ መጣ። ልጅቷ የምትደርስበት ቀን እሷ የጠዋት ሥራዋን መቅረት አልቻለችምና አየር ማረፊያ በቀጥታ ከሥራ መጣች፤ በካፖርቷ ሥር የጽዳት ቱታዋን ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች። ከስታ ነበር፤ ከአፏ ጎንና ጎን ያለው መስመር የእኔን እናት ያስመስላት ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ነኝ ብዬ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ፣ ቀይ ሹራብ ለብሼ ነበር።

የአየር መንገዱ ሴትዮ ልጅቷን እጇን ይዛ አወጣቻት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ረዝማለች። ቆም ብላ ጎን ለጎን የቆምነውን ሁለታችንን አየችን። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ። ከዚያ «እማዬ!» ብላ ሮጣ መጥታ እኔ ላይ ተጠመጠመች።

እኔ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት እናትየዋ ክንዴን ያዘችኝ። የዘረጋቻቸው እጆቿ ገና አልወረዱም ነበር።

«ተያት፣ አትንገሪያት» አለችኝ፤ «እቀፊያት፣ ደክሟታል።»

አቀፍኳት።