ሳላስፈቅድ የጻፍኩት ስም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን እዘረዝርና እሱን ዘልዬው እመጣለሁ። ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር፤ ፊቴን ስለማታዩኝ ይቀለኛል።

ወልድያ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ለጋዜጠኞችና ለደራስያን ዓመታዊ ሽልማት በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ መርሳ አካባቢ ስላለችው ስለ ግራና የመስኖ ውሃ ጻፍኩ። የውሃ ተራ የሚያወጣው የኮሚቴ ሰብሳቢ ለዘመዶቹ እንደሚያዳላ የነገሩኝ ገበሬው አያ እንድሪስ ናቸው፤ ብርቱካናቸው ደርቆባቸው። ሲሸኙኝ እጄን ይዘው፣ «ስሜን እንዳታነሳ፤ ከሰውየው ጋር ተጋብተናል፣ ሴት ልጁ የልጄ ሚስት ናት» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ውድድሩ ግን ስሙ ያልተጠቀሰ ምንጭ አይቀበልም። ጻፍኩት። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩት።

ጽሑፉ እንደወጣ ሰብሳቢው ልጁን ከነሁለት ሕፃናቷ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። ሰውየው ያለው አንድ ነገር ነው፤ አያ እንድሪስ ሳይፈቅዱ ከተጻፈ ልጁን ሊመልስ፣ ፈቅደው ከሆነ ግን ዝምድናው ሊያበቃ። ሽልማቱ ሊሰጥ ሳምንት ቀርቶታል። ሳላስፈቅድ ነው ካልኩ ከውድድሩ እወጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ።

«ፈቅደው ነው» አልኩ።

ለምን? ፈርቼ እንዳልል ማን አስፈራራኝ? ቸግሮኝ እንዳልል ምን ጎደለኝ? ጭብጨባው አማረኝ፣ በቃ። አያ እንድሪስ ዞረው አዩኝ። «አላህ ያውቃል» አሉ። ደብተርና እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነበርኩና ሽማግሌዎቹ እኔን አመኑ።

ይባስ ብዬ ሽልማቱን ልቀበል መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ድፍረታቸው አመሰገንኳቸው። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበላቸው። እሳቸው እዚያ አልነበሩም።

ስድስት ዓመት ሆነው። ልጅቱ ሐራ ከተማ ሌላ ባል አግብታለች፤ ልጆቹም አብረዋት ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ መርሳ መናኸሪያ አያ እንድሪስን አየኋቸው። አርጅተዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

«ለሥራ ሐራ ትሄዳለህ አሉ። የልጅ ልጆቼን ካየሃቸው ሰላም በልልኝ፣ ልጄ።»

ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን ላኩኝ። እሺ አልኩ፤ ያኔ ስሜን አታንሳ ሲሉኝ እንዳልኩት። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበርና ገብቼ ሄድኩ።

እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ገና አልጠየቅኳቸውም።