አቶ ወዳጆ ውሃ የሸሹበት ጾም

በቀየት ገበያ የባና ነገር ሲነሣ የአቶ ወዳጆ ስም ሳይነሣ አይቀርም ነበር። የጥቁር በግ ጠጉር እንደ እርሳቸው አጥብቆ የሚሸምን አልነበረም፤ የእርሳቸውን ባና ለብሶ ብርዳሙ ጓሳ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ውርጩ አልነካኝም ይል ነበር። ቀልደኛም ነበሩ። ዋጋ አብዝቶ የሚከራከራቸውን፣ «እንግዲያስ ሂድና ከበጉ ጋር ተስማማ» ይሉት ነበር።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ደም መሽናት ጀመሩ። ኮሶ ጠጡ፣ ጠበል ተጠመቁ፤ ደሙ ግን አልቆመም። በመጨረሻ እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። በሽንት ፊኛቸው ውስጥ ነቀርሳ መብቀሉን ነግሯቸው ፊኛውን ጨርሶ አወጣው፤ ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ደግሞ ከትልቁ አንጀት ጋር ሰፋቸው። ከዚያ ወዲያ ሽንታቸው የሚወጣው በመቀመጫቸው ሆነ።

ሲሰናበቱ፣ ለሐኪሙ የሚያስተረጉመው ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ፣ ትእዛዙን ሦስት ጊዜ አስደገማቸው።

«ውሃ በብዛት ይጠጡ። በየሦስት ሰዓቱ ይውጡ፤ ከያዙት ወደ ኩላሊትዎ ተመልሶ ይመርዝዎታል። ይህን ነጭ ዱቄት ጠዋትና ማታ በጥብጠው ይጠጡ፤ አንጀትዎ ሽንቱን እየመጠጠ ደምዎን ያኮመጥጠዋል፣ ዱቄቱ እሱን ያበርደዋል። ብርድ ብርድ ካለዎት አንድ ቀን እንኳ ሳይውሉ ይምጡ።»

«በአንድ ቀን? የኛን አገር መንገድ አላየኸውማ፣ ልጄ» አሉት።

የመጀመሪያው ዓመት በደኅና አለፈ። ሽመናቸውንም ቀጠሉ፤ በየጊዜው ከሽመና ጉድጓዳቸው ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ነገር የተበላሸው በመድኃኔ ዓለም ማኅበር ዕለት ነው። ተረኛው የልብ ወዳጃቸው ቅጣው ነበር። ሁለት ዋንጫ ጠላ ጠጡ፤ ጨዋታው ስለጣፈጣቸው ሰዓቱን ረሱት። ሊነሡ ሲሉ የተቀመጡበት አጎዛ ርሷል፤ ሽታውም ቤቱን ሞልቶታል። የቅጣው ሚስት ተናኘወርቅ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አጎዛውን ጠቅልላ አወጣችና ሌላ አነጠፈች። ማኅበርተኛውም ሁሉ ያላየ መሰለ።

«ቢስቁብኝ ምን ነበረበት!» አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ኪዳን። «ለሚስቅብኝማ መልስ አላጣም ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ሸሹ። ዱቄቱም ያለ ውሃ አይዋጥምና እሱንም ተዉት። ከማኅበር ቀሩ፤ ባናቸውንም ሌላ ሰው ይሸጥላቸው ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከዛፎቹ ሥር ለብቻቸው ይቆሙና ቅዳሴው ሳይጋመስ ይመለሳሉ።

የ፶፮ቱ ሁዳዴ ሲገባ ግን ፊታቸው ፈካ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ውሃ የማይቀምስበት ወራት ነውና ለምን አልጠጣህም የሚላቸው አልነበረም። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቢቸግራቸው የነፍስ አባታቸውን አባ ገብረ አማኑኤልን ጠርተው አመጡ።

«ወዳጆ፣ አንተ ሕመምተኛ ነህ» አሉ አባ። «ውሃውንም መድኃኒቱንም ከጠዋት ጀምረህ ጠጣ፤ ፈቅጄልሃለሁ።»

«እርስዎ ቢፈቅዱልኝ አንጀቴ መቼ ይፈቅድልኛል? ውሃ ከጠጣሁ ከሰው መሐል መቆም አልችልም።»

«እቤትህ ሆነህ ጸልያ።»

«ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ሆኜ ጸለይሁ፣ አባቴ። ሰው ናፈቀኝ።»

አባም መስቀላቸውን አሳለሟቸውና፣ «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው ወጡ።

በጾሙ እኩሌታ ላይ ምግብ አስጠላቸው። ቁጭ ብለው ሳለ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካሉ፤ አጥንታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ሁለት ጊዜ ብርድ ብርድ አላቸው።

«አንቱ፣ ሐኪሙ ያለውን ረሱት? እንሂድ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን።

«ሆሣዕናን ከሰው ጋር አንድ ጊዜ ቆሜ ላስቀድስ። ማግሥቱን ወደፈለግሽበት ውሰጅኝ።»

በሆሣዕና ዕለት፣ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ጠብታ ሳይቀምሱ፣ ቅጣው አጠገብ ቆሙ። ከቆሙ ሦስት ሰዓት አለፈ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከሴቶቹ በኩል ዞረው መጡና ጋቢያቸውን ጎተት አደረጉ።

«ሰዓቱ አልፏል፣ ይውጡ።»

«ደርቄያለሁ፣ ተይኝ።»

«ዛሬ ቀድመኸኝ አትወጣም ማለት ነው?» አላቸው ቅጣው በጆሯቸው።

«ዛሬ አንተን ሸኝቼ ነው የምወጣ!»

ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ ፍትሐት ጀመሩ። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግምና፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየው በዚያ ዕለት ነው። አቶ ወዳጆ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ከዚያም የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው ከሰው ጋር እየተጫወቱ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርዱ ጣላቸው። በቤት ያለው ባና ሁሉ ቢደረብላቸውም ጥርሳቸው መንገጫገጩን አልተወም። ሰኞ ጠዋት በቅሎ ተጫነ፤ እርሳቸው ግን ኮርቻ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። ቅጣውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ወደ ጣርማ በር አቀኑ። ከአንድ ወንዝ ሲደርሱ አቶ ወዳጆ ውሃ ለመኑ። አንድ ቅል ሙሉ ጨልጠው፣ «ድገሙኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ትንፋሻቸው እንደሚሮጥ ሰው እየተጣደፈ ቆየና ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ መንገዱ ሳይጋመስ፣ ቆመ። ቃሬዛውን ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ወደ ቀየት መለሱት።

ረቡዕ ያለ ዜማና ያለ ከበሮ ወደ መቃብር ወረዱ። ቅጣው ወደ አባ ዞረ።

«ምንም አይሉለትም?»

«እሑድ ብለንለታል፤ ቆሞ ሰምቷል።»

«መቆማቸው አይደል የገደላቸው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን።

ቅጣው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ማልበስ ጀመረ።