ሱርቲን ያስተማራት ማን ነው

ፖኒራ በአንድ የጎማ ዛፍ እርሻ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ሠራተኛ አሠልጥናለች። አሠለጠነች ማለት እንግዲህ ደብተር የላት፣ ሰሌዳ የላት፣ ከሠልጣኟ ጀርባ ትቆምና እጇን በልጅቷ እጅ ላይ ደርባ፣ ጎማ የሚሠራበት ነጭ ወተት እንዲወርድ የዛፉን ቅርፊት አብረው ይቆርጣሉ። «ቀስ! እንዳይጠልቅብሽ!» ትላለች። ቢላው ጠልቆ እንጨቱን ከነካ ዛፉ ያብጣል፤ እዚያ ቦታ ላይ ዳግመኛ ወተት አይሰጥም። ይህን ለመልመድ ሦስት ወር ይፈጃል።

ሱርቲ የምትባለውን ሠልጣኝ ግን ስድስት ወር ነው የያዘቻት። ቢላው ይጠልቅባት ነበር። ማንዶሩ፣ ያው የሠራተኞቹ አለቃ፣ «ይቺን አሰናብቻት፣ ዛፍ ጨረሰችብን» ሲል ፖኒራ ናት «እኔ እያለሁ አትነካም» ያለችው። ሱርቲም በኋላ ከሁሉም በላይ ጎበዝ ሆነች።

ዘንድሮ የእርሻው መሥሪያ ቤት የሦስት ቀን ትምህርት አመጣ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በሥዕል። ሱርቲም እንደ ሁሉም ገብታ የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። ከዚያ የቱ ሥልጠና ይሻላል ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። የሦስት ቀኑ ከተሻለ የፖኒራ ማስተማር ይቀራል። ፖኒራ ግን አልፈራችም። ሱርቲ አለችላት።

አስተዳዳሪው አቶ ሲሬጋር ሱርቲን አስነሷት። «አንቺ ጎበዟ፣ ይህን ሙያ ከየት አገኘሽው?»

ሱርቲ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ከሦስት ቀኑ ነው ጌታዬ። በፊትማ ዝም ብዬ በግምት ነበር።»

«ኧረ ተይ!» አለ ካርጆ የሚባል ወተት ተሸካሚ ከኋላ። «ስድስት ወር ሙሉ ማን ላይ ነበር የተለጠፍሽው?»

ሰው ሳቀ። ማንዶሩ «አንተ፣ አፍህን ዝጋ!» አለው። ፖኒራ ልትናገር ተነሣችና ነጠላ ጫማዋን እያየች መልሳ ተቀመጠች።

ከስብሰባው ሲወጡ ሱርቲ ተከተለቻት። «እማማ፣ አይቀየሙኝ። የሦስት ቀኑ ከተመረጠ የአሠልጣኝነቱ ቦታ ያንቺ ነው ብለውኝ ነው። ልጆች አሉብኝ።»

«ብትጠይቂኝ እኔው እለቅልሽ አልነበር?» አለች ፖኒራ።

የሦስት ቀኑ ተመረጠ። በሳምንቱ ፖኒራ ባልዲዋን ይዛ ወደ ዛፎቿ ስትሄድ ሱርቲ ያስተማረቻትን አንዲት አዲስ ልጅ አየች። የቆረጠችው ቦታ ነጭ እንጨቱ ወጥቷል።

«እንደምን አደሩ እማማ! እንዴት ነው፣ አሳመርኩት?»

ፖኒራ እጇ ሊዘረጋ ሲል ባልዲውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አስተማሪሽን ጠይቂያት» አለችና አለፈች።