ጊዜው ሳይደርስ የተከፈተ ጋን

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እኅት ናት። የበደለችኝም ባሌ በተቀበረ በሃያኛው ቀን ነው፤ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሞታለችና ተያት የሚሉኝ አሉ። እኔ እሷ በሕይወት ሳለች ዝም ብዬላት ኖሬአለሁ።

እኛ ታች ጋይንት ገጠር ነበርን፤ እሷ ንፋስ መውጫ ጠላ ትሸጥ ነበር። ጠላን የማያውቅ የለም። ኮረፌን ግን ከእኛ አገር ወጣ ሲሉ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ገብሱን ዘፍዝፌ፣ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ ከጌሾ ቅጠል ጋር በትንሽ ውኃ ወፍራም ድፍድፍ አድርጌ እለውሰዋለሁ። ጋን ውስጥ ጠቅጥቄ አፉን በጭቃ እመርገዋለሁ። ሁለት ሦስት ወር አይነካም። ብዙ ውኃ የሚያየው ሊጠጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቀድሞ ውኃ የገባበት ድፍድፍ ሆምጣጤ ነው የሚሆነው።

ያን ዓመት ድፍድፉን የጣልሁት በኅዳር፣ ገብሱ እንደ ተወቃ ነው፤ ለፋሲካ ብዬ። ባሌ ግን ጥምቀትን ውሎ ታመመ፣ ሳምንት አልቆየም። ተዝካሩ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። በጾም ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ የሟች ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም በመጠጡ ነው። ገብሱም አልቆ ነበር። ያለኝ ያ አንድ ጋን ብቻ ነው።

እሷ ከቀብሩ በኋላ ቀርታ ጓዳውን ያዘች። እኔ ሐዘንተኛ ነኝ፣ መደብ ላይ ተቀምጬ ለቅሶ ደራሽ እቀበላለሁ። አንድ ቀን ጋኑን በጣቷ አንኳኳችው።

«ይህ ምንድን ነው? አይፈላ፣ አይንተከተክ!»

«ኮረፌ ነው እትዬ። ለተዝካሩ ነው፤ አይንኩብኝ።»

«ኮረፌ! የደቦውን መጠጥ? ወንድሜ ሞቶም ጠላ አልደረሰው በይኛ!»

«እሱ ከጠላ ይልቅ ይህን ይወድ ነበር።»

«ሌላ ስላላቀመስሽው ነዋ!»

በሃያኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጋኑ ጭቃ እርጥብ ነበር። አይጥ ፈልፍሎት መረግሁልሽ አለችኝ። አመንኋት።

በተዝካሩ ዋዜማ ስከፍተው ሽታው ዐይኔን አቃጠለው። ድፍድፉ ቀጥኖ ውኃ ሆኗል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉብኝ?»

የጓዳውን በር ዘግታ እጄን ያዘችኝ። «ደርቆ አገኘሁት። ጠላ ውኃ ሲጨመርበት ይነሣ የለ? ላድንልሽ ብዬ ነው። እባክሽ፣ ለሰው አትንገሪ።»

በማግስቱ ሌላ የሚቀዳ አልነበረም። የባሌ ነፍስ አባት ቀምሰው ዋንጫውን መሬት ላይ አኖሩት። አንድ ጎረቤት «ሟቹስ በጊዜ አመለጠ!» አለና ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ እሷን አየኋት። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ምነው ለወንድሜ እንኳ ብትጠነቀቂለት!» አለችኝ። ታላቅን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ዋንጫዎቹን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ በአርብ ገበያ ስሜ የሆምጣጤዋ መበለት ሆነ። በማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ መጠጡን ሌላ ሴት ይዛልኝ ትመጣ ነበር፤ እኔ እንጀራውን ብቻ አቀርባለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እሷ ስትሞት ሁለት ልጆቿ ቤቴ ድረስ መጡ። «እናታችን ውኃውን ራሷ እንደ ጨመረችው ነግራናለች» አሉኝ። «ተዝካሬን በእሷ ኮረፌ ደግሱልኝ ብላ ተናዝዛለች። እባክዎ ድፍድፍ ይስጡን።»

«ለማን ለማን ነገረች?»

«ለእኛ ብቻ ነው።»

ጓዳዬ ውስጥ ሦስት ወር የሞላው ጋን ነበረኝ። የለኝም አልኋቸው። ተዝካሯ በዋለበት ቀን ጭቃውን ፈልጬ አወጣሁና ድፍድፉን ለበሬዎቼ ሰጠሁ።