በአባቴ ስም የተገኘው ባክቴሪያ

ዛሬ ደባርቅ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ አባቴን «ጨጓራዎ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል» አላቸው።

ባክቴሪያው የእኔ ነው።

አባቴ አምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ናቸው። ጨጓራቸው ሲያቃጥላቸው ከርሞ፣ ዛሬ በስንት ልመና ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ የሰገራ ምርመራ አዘዘ።

ላቦራቶሪ የምትሠራው የጎረቤታችን ልጅ ሆና ተገኘች። አባቴ የሰጠቻቸውን ዕቃ ኮታቸው ውስጥ ደብቀው፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ጠሩኝ።

«አባቷን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አንተ ስጥልኝ። ከአንድ ትሪ አይደል የምንበላው?»

አባት ካዘዘ እምቢ አይባልም። በእሳቸው ስም ሰጠሁ።

ውጤቱ ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ፖዘቲቭ ሆነ። እኔ ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም።

መድኃኒቱ ለእሳቸው ሊጻፍ ሲል ጨነቀኝና እውነቱን ተናገርኩ። ሐኪሙ ሁለታችንንም በየተራ አየን። ከዚያ ለአባቴ አዲስ ዕቃ ዘረጋላቸው።

«ነገ» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አየህ፣ እኔ ባላፍር ኖሮ በሽታህ መች ይታወቅ ነበር?»

አሁን መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ ጨጓራቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ለመጣው ሰው ሁሉ የልጃቸውን መታመም እየነገሩ ነው።

በአባቱ ስም የታመመ ሌላ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።