የግሪሳው አውሮፕላንና የእኔ ወፍራም ዘይት

ዛሬ ጭሮ ያለው የሞተር ዘይት ሱቄ የአውሮፕላን መካኒክ ገባ።

ሚኤሶ ማሽላ ላይ በሰፈረው ግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። በቆላው ፀሐይ የሞተሯ ዘይት ከልክ በላይ ጋለ፤ የያዙት ዘይት ለዚያ ሙቀት ቀጭን ነው።

ከማሽላው የእኔም አለበት። ስለዚህ በጣት ሲታሽ እንደ ማር የሚለጠፈውን አወጣሁለት። እዚህ ዘይት የሚመረጠው በጣት ነው።

«ውፍረቱስ ደግ ነበር» አለኝ። «ግን የመኪና ነው። ውስጡ ያለው ቅመም በኛ ሞተር ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ላይ ይጋገርና ሞተሩን ያጠፋል።»

በርሜል ላይ የተቀመጠው ደንበኛዬ የጭነት መኪና ሹፌሩ ጀማል፣ «አቦ አታካብድ! እኛ በዚህ ዘይት ስንት ዳገት ወጥተናል» አለው።

«አንተ ሞተር ሲጠፋብህ ዳር ትይዛለህ። እኛ የት እንያዝ?»

ጀማል ከበርሜሉ ወርዶ ዘይቱን ራሱ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ይህን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ትክክለኛው ዘይት ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ነገ ነው። ግሪሳው ግን ዘይት ስለማይቀይር ዛሬም ሥራ ላይ ውሏል፤ ዘይት ነጋዴው እኔ በዘይት እጦት ማሽላዬን እያስበላሁ ነው።

ሱቃችሁ ሞልቶ ለራሳችሁ የሚሆነው ዕቃ ብቻ የጠፋባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሳቅ።